ስለ ጀብዱ

እኛ የአዲስ አበባ ሠዓልያን መንፈሰ ፈጠራችን በከተማ ጢስ ሲደነዝዝ፣ ሸራችንን ጠቅልለን፣ ስንቃችንን በሰው ትከሻ አስጭነን፣ ሕይወትን እናጣጥም ብለን ከሞጣ ወደ ዓባይ ገደል እንወርዳለን፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ታነጸ የሚነገርለትን፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ የተቈረጠውን ሰባራ ድልድይ ስናይም «ወይ ጀብዱ!» እንላለን። የጎጃምና የበጌምድር ገበሬ ግን ለብዙ ዘመን በዚያው ክፍተት ላይ በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ሲሻገር፣ ገበያው እንዳይፈታበት ከመቸኰሉ በቀር ስለ መንፈሱ መታደስ የተናገረው አልተሰማም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ሲሠራለትም ጀብዱዬ ቀረብኝ ብሎ አቤት አላለም።

የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪማ ከሁሉ ይብሳል፤ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ሲታገል ውሎ አዲስ ቅኔ ይቈጥራል፣ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብም እንደ ነውር ይቈጠርበታል፤ እኛ አንዲቱን የፀሐይ መጥለቂያ በየዐውደ ርእዩ እየሰቀልን፣ «ፍለጋ ቊጥር አንድ»፣ «ፍለጋ ቊጥር ሁለት» እያልን ዋጋ እንጨምርባታለን።