ስለ ሞክሼ ሶፍትዌሮች፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሶፍትዌር ስም የሚያወጡት ግን ስብሰባ የሰለቻቸው መሐንዲሶች በመሆናቸው ጉዳዩ ጥልቅ ምርምር ይሻል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ብያኔ። የኮድ ስም ማለት ምርቱ ገበያ እስኪወጣ ድረስ የሚጠራበት የቤት ስም ነው። ከበር አይወጣም ተብሎ ስለሚታመን፣ ባለቤት ይኑረው አይኑረው የሚያጣራ የለም። የጥናቱ መላምትም ይኸው ነው፦ ስም የሚጋጨው ስም ስላለቀ ሳይሆን፣ አውጪው «ማን ይሰማኛል» ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ማስረጃ አንድ፦ በሕይወት ያለ ሞክሼ። የአፕል መሐንዲሶች ፓወር ማኪንቶሽ 7100ን ሲሠሩ በሥነ ፈለክ ሊቁ በካርል ሴጋን ስም ይጠሩት ነበር። የዚሁ ኮምፒውተር ወንድሞች «የፒልትዳውን ሰው» እና «ቀዝቃዛ ፊውዥን» ይባሉ ነበር፤ አንዱ የታወቀ የቅሪተ አካል ማጭበርበሪያ፣ ሌላው ደግሞ ዓለም ሊደግመው ያልቻለ ሙከራ። ወሬው አፈትልኮ ሲወጣ ሊቁ በጠበቃ በኩል ስሜን መልሱ አሉ። መሐንዲሶቹም በትሕትና ታዘዙ፤ አዲሱን ስም «ቢኤችኤ» አሉት፤ በጨዋ አማርኛ «ደደቡ የጠፈር ሊቅ» እንደማለት ነው። ሴጋን በ1994 ስም ማጥፋት ነው ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ኮምፒውተሩ ግን ሦስተኛ ስም አገኘ፦ «ኤልኤደብሊው»፤ ሲተነተን «ጠበቆች ፈሪዎች ናቸው»። ከዚህ የምንረዳው የስም ግጭት በስም ለውጥ እንደማይበርድ ነው።

ማስረጃ ሁለት፦ ተከታታይ ሞክሼ። በ2002 ከሞዚላ የወጣው የድረ ገጽ ማሰሻ ከአመድ በሚነሣው ወፍ «ፎኒክስ» ተባለ። ፎኒክስ ቴክኖሎጂስ የሚባል ድርጅት ቀድሞ ነበርና ስሙ በ2003 «ፋየርበርድ» ሆነ። ወፉ ከአመዱ ተነሣ ሲባል ግን ፋየርበርድ የተባለ የመረጃ ቋት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። በ2004 ወፍነቱ ቀርቶ «ፋየርፎክስ» ሆነ። ችግሩ የተፈታው እንስሳውን በመቀየር መሆኑ ለተመራማሪዎች ትልቅ ፍንጭ ነው።

ማስረጃ ሦስት፦ የዱር ሞክሼ። ሰን ኩባንያ ጃቫ 5ን «ታይገር» ብሎ በ2004 አወጣ። አፕልም ማክ ኦኤስ 10.4ን «ታይገር» ብሎ በ2005 አወጣ። ሁለቱ ታይገሮች አልተነካኩም። አፕልን የከሰሰው ታይገርዳይሬክት የተባለ የኮምፒውተር ሻጭ ነበር፤ ሽያጩ ይታገድልኝ ያለውን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀረ።

ማስረጃ አራት፦ የገዛ ሞክሼ። ዴቢያን የተባለው ሥርዓተ ክወና ስሞቹን ከ«ቶይ ስቶሪ» ፊልም ይወስዳል፤ ልማዱ ሲጀመር ፕሮጀክቱን ይመሩ የነበሩት ብሩስ ፔረንስ የፊልሙ ሠሪ የፒክሳር ባልደረባ ነበሩ። ገና ያልተረጋጋው ቅጂ ሁልጊዜ «ሲድ» ነው፤ መጫወቻ የሚሰባብረው ልጅ ስም። እስከዚህ ድረስ እንከን የለሽ ነው። ነገር ግን ቁጥር 10፣ 11 እና 12 «ቡስተር»፣ «ቡልስአይ» እና «ቡክዎርም» ተብለው ተሰለፉ። ሌሊት ሰርቨር የሚያድስ ባለሙያ ቅንብሩ ውስጥ የቱን «ቡ» እንደጻፈ ሲጠራጠር የሚከሰው ሰው እንኳ የለውም።

አንዳንድ ምሁራን «ስም ይቅርና ቁጥር ይሁን» ይላሉ። ኡቡንቱ የተባለው ሥርዓተ ክወና የዓመትና የወር ቁጥር ይጠቀማል፤ በ2006 ለሚያዝያ ታስቦ የነበረው 6.04 ዘግይቶ ሰኔ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 6.06 ሆነ። «ዳፐር ድሬክ» የሚለው የቤት ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ቁጥር ቀጠሮ ያከብራል፤ ቅጽል ስም ማንንም አይፈራም።

ማጠቃለያ። ከሞክሼ ስጋት ነፃ የሆነው ገና ያልተሰየመ ሶፍትዌር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በስብሰባ ላይ «አዲሱ» እየተባለ ይነሣል፤ «አዲሱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ተብሎ ሲጠየቅም ከሒሳብ ክፍል አንድ ሰው ደንግጦ ቀና ይላል።