በራያ ቆላ ስለሚገኙ ጎማ ዳሳሾች

ከወልድያ ተነስቶ በቆቦ አድርጎ ማይጨው ድረስ በብስክሌት ለመሄድ ያሰበ ሰው መንገዱን ብቻውን አያወጣም። ቆቦ ላይ ብስክሌቱን ከሻይ ቤቱ ግድግዳ አስደግፎ ገና ሳይቀመጥ አማካሪ ይከበዋል። አማካሪዎቹ በጥናት ሲታዩ በአምስት ይመደባሉ።

ሾፌሩ ርቀትን የሚለካው በማርሽ ነው። ከጎብዬ እስከ ሮቢት፣ ከቆቦ በዋጃ እስከ አላማጣ ያለውን ሜዳ «ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ትደርሳለህ፣ አብሽር!» ብሎ ያልፈዋል። ከአላማጣ በላይ ስላለው ስለ ግራካሱ ሲጠየቅ ግን ሻዩን ፉት ይላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራው ላይ ያጠማዘዘው መንገድ ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ኮረም ላይ 2,500 ያደርሳል፤ ብስክሌት ደግሞ ታኮ የሚጥል ረዳት የለውም።

ገበሬው የሚያስበው በወቅት ነው። በክረምት የሆርማትንና የጎሊናን ሙላት ያስጠነቅቃል፤ ጅጉርቲ ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቀውን ልጅ። ልጁ በማሳው ዳር ሽው የሚለውን ብስክሌተኛ ከሰው ይቁጠረው ከወፍ፣ እስካሁን ስምምነት የለም።

ሽማግሌው «በቅሎ ግዛ» ይላሉ። ይህን መናቅ አይገባም። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ ብስክሌት ነድታ ዘልቃለች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ እኛ አገር ስትመጣ ግን የተጓዘችው በቅሎ ይዛ ነው።

አራተኛው የኬላ ጠባቂ ነው። «ወዴት?» ይላል፤ ይነገረዋል። «ለምን?» ይላል። ይህን ክፍል ማሳጠር ይሻላል።

አምስተኛው ጎማ ዳሳሹ ነው። መንገድ አያውቅም፤ አውቃለሁም አይልም። ሰላምታ ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፤ ቀና ብሎ ራቅ ወዳለ ቦታ እያየ ፍርዱን ይሰጣል። በአካል ክፍል ሲመደብ አውራ ጣተኛ፣ መዳፈኛና እርግጫኛ አለ። እርግጫኛው ከጭነት መኪና ሥራ የመጣ ስለሆነ ቸርኪዮ ያጎብጣል። አውራ ጣተኛው ራሱ ለሁለት ይከፈላል፦ «አየር አንሶታል» ባይና «በዝቶበታል፣ የቆቦ ፀሐይ ያፈነዳዋል» ባይ። ሁለቱ የሚዳስሱት አንድ ጎማ ነው፤ የሚዳስሱትም በአንድ ደቂቃ ልዩነት ነው። በዝቶበታል ባዩ ከቃል ወደ ተግባር ፈጣን ነው፤ ቫልቩን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ትስስ ያሰኘዋል። ወዲያው አንሶታል ባዩ ትክክል ይሆናል። መንፊያ ይፈለጋል። መንፊያው ጎረቤት ሰፈር ነው፤ የሚያመጣው ልጅ ሲመለስ ሌሎች ልጆችን አስከትሎ ነው፣ እነሱም በየተራ ይዳስሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ እዚህ ቢያልፍ ኖሮ፣ የእሱንም ጎማ ዳስሰው «ይቺማ አታደርስህም» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ከመላው ሕዝብ ጎማ የማይነካው ጎሚስታው ብቻ ነው። ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ፣ የግራሩን እሾህም የዳሳሾቹንም ሥራ በትዕግሥት ይጠብቃል።

ግመል ነጂው፣ ተማሪውና ቲማቲም ሻጯ ወደፊት ይመደባሉ። ሳይሞቅ ዋጃ መድረስ ነበረብን፤ አሁን ግን ሞቋል፣ የፊተኛውንም ጎማ ይዘውታል።