የሾላው ክስ

የእንጦጦና የየካ ባህር ዛፎች አንድ ቀን ተዳፋቱን ወርደው ጉርድ ሾላ ላይ ተሰበሰቡና አንድን ሾላ ከሰሱ። ከሳሾቹ ብዙ ናቸው፤ ቁመታቸው ተቀራራቢ፣ ግንዳቸው ቀጥ ያለ። ለዳኝነት የመረጡት ዕድሜ ጠገቡን ኤሊ ነው። ፀሐዩ ቢበረታ ለችሎቱ ጥላ ተፈለገ። የባህር ዛፍ ጥላ ስስ ነውና ሸንጎው የተቀመጠው ከተከሳሹ ሥር ነበር።

ከሁሉ የረዘመው ባህር ዛፍ ቆሞ ክሱን አሰማ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ ዛፍ ዛፍ አይባልም። ዛፍ ከሥር ይጀምራል፣ በግንድ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ያፈራል። ይሄ ግን ግንዱ ላይም፣ ብብቱ ሥርም፣ ባሻው ቦታ ፍሬ ይለጥፋል። ከየት ጀምረን የት እንደምንጨርሰው ግራ ገባን። አበባውንም አንድ ቀን አላየን፤ ሳያብብ ነው የሚያፈራው። ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው፤ አገራችንን አይመስልም።»

ሸንጎው አጉረመረመ። ዕድሜ ልካቸውን ከእንጦጦ ጭራሮ ሲያወርዱ የኖሩት አህዮች «ለጭነት ቀጥ ያለ ይሻላል» አሉ። የአያት ባቡር እስኪያልፍ ነገሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ኤሊ አንገቱን አወጣ።

«አንተስ መቼ መጣህ?»

«እኛማ የዚሁ አገር ነን! አዲስ አበባን ያቆምናት እኛ ነን።»

«ከተማዋን ማገዶ ሲቸግራት ደርሳችሁላታል፤ ይህን ማንም አይክድም። መቼ መጣችሁ ነው ያልኩት።»

«በአፄ ምኒልክ ዘመን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከየት?»

«ከአውስትራሊያ።»

እዚህ ላይ ተረቱን ገታ ላድርገው፤ ይህ ክስ በሥነ ጽሑፍ መንደራችንም ይሰማልና። ደራሲው አዳም ረታ ከእንጀራ ዐይኖች ምሳሌ ወስዶ «ሕጽናዊነት» ብሎ በሰየመው መንገድ ታሪክን ከታሪክ ሲያያይዝ፣ የግርጌ ማስታወሻው ራሱ ታሪክ ሲሆን፣ ዐይናችን በገጹ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲመላለስ ሲያደርግ፣ «ይህ የፈረንጅ ሙከራ ነው፤ ልብ ወለድ እንዲህ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ልብ ወለድ የምንለው ቅርጽ ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙ ወዲህ የተለመደ ነው፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አልራቀም። ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. በ«አደፍርስ» ከተለመደው መስመር ወጥተው ጽፈዋል። ፈረንጆቹ ዘንድ ሎረንስ ስተርን የተባለ እንግሊዛዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በልብ ወለዱ መካከል የሞተ ሰው ቢኖር ገጹን ጥቁር አድርጎ አሳትሞታል። የእኛ ገጽ ግን ማተሚያ ቤት ከማወቁ በፊትም እንደ ሥዕል ይታይ ነበር። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደላችንን ሸራ ላይ ሲያስጨፍረው የተነሣው ከዚሁ ነው። ይህን ረስቶ የራስን ልጅ ባዕድ ማለት ያሳዝነኛል። ወደ ችሎቱ ልመለስ።

የሾላው የመጀመሪያ ምስክር ፍየል ነበረች።

«ቆዳዬ ይገፈፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ብራና ይሆናል። ጸሐፊው ብዕር ሳያነሣ በወስፌ ያሰምርብኛል። ከዚያ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያቀርባል። ቀዩ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ሳትቀር ገጹን አይታ የተከበረው ስም የቱ ጋ እንዳለ ትጠቁማለች። በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይጠመጠማል። ድጓ ከሆነ ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክት ይሰፍራል፤ መሪጌታው ዜማውን የሚያነሣው ከዚያ ነው። ክታብ ከሆነ ደግሞ ቁራጬ ከቁራጬ ተሰፍቶ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይረዝማል፤ መካከሉ ላይ ትልልቅ ዐይን ይሣልበታል፤ አንባቢው ሲያየው እሱም አንባቢውን ያያል። ይህን ሁሉ ዘመን ስሸከም፣ ጽሑፍ ነው ወይስ ሥዕል ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ሁለተኛዋ ምስክር ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ተርብ ነበረች። ክንፍ አልነበራትም።

«አበባ የለውም ላላችሁት፣ እኔ ገብቼ አይቻለሁ። አበባው ፍሬው ውስጥ ነው። በሩ ጠባብ ስለሆነ ስገባ ክንፌ ተቀነጠሰ። ውስጡ ግን ዙሪያውን አበባ ነው። እኔ ወይም እህቶቼ ካልገባን ዘር የለም፤ ዛፉ ያለ እኛ፣ እኛም ያለ እሱ አንሆንም።»

ባህር ዛፉ በቀላሉ አልተረታም። «ክንፉን መስጠት የማይፈልግስ ምን ይሁን? ሁሉም ደክሞ ነው የሚመጣው። ገበያው አጣና ይፈልጋል፤ እኛ አጣና እንሰጣለን። ይህን ማን ይገዛዋል?»

እውነት አለው፤ ሸንጎውም ዝም ብሎ አሰበበት። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ የሚወስደው ታሪክ ቢሻ ነውር የለበትም። የሾላውም ወዳጆች አንዳንዴ ያጠፋሉ፤ ፍሬ የሌለውን ጠማማ ግንድ ሁሉ ሾላ ነው እያሉ ያሞግሳሉ። ፍየሏ ራሷ ብራና ሁሉ መልካም መጽሐፍ እንዳልሆነ አልሸሸገችም።

ኤሊ ከቀትር በኋላ ፍርዱን ሰጠ።

«ባህር ዛፍ ይቁም፤ ቤት ይሠራበታል፣ እሳት ይነድበታል። ሾላውም ይቁም። አጣና እሆናለሁ ብሎ የማያውቅ ዛፍ አጣና አልሆነም ተብሎ አይቆረጥም። ባዕድ ነው የተባለውም ክስ ውድቅ ሆኗል፤ ከሳሾቹ ሲመጡ ሾላው እዚሁ ነበረ። ከዛሬ ጀምሮ ሾላን መክሰስ የፈለገ፣ በመጀመሪያ አንድ ፍሬ ቀጥፎ ይሰንጥቅ፤ ውስጡን አይቶ ያየውን ለሸንጎው ይናገር። ጣዕሙን ካልወደደው አልወደድኩትም የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው። ሳይሰነጥቅ የመጣ ግን ክሱ አይሰማም።»