አገር ወዳድ መንገደኛ

ጓደኛዬ ብሔራዊ ወግ አጥባቂ ሆኗል። «ብሔራዊ» ሲል እንደ ብሔራዊ ቡድን እንጂ እንደ ብሔር ብሔረሰብ አይደለም፤ ይህን እስካጣራ ድረስ እኔም አብሬው ቡና ለመጠጣት ፈርቼ ነበር። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ሃንጋሪን ለዓመታት የመራውን የቪክቶር ኦርባንን ንግግር ያያል። እኔን በአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ስም «ብራስልስ» ይለኛል፣ እኔም በኦርባን ዋና ከተማ «ቡዳፔስት» እለዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ፤ ጓደኛዬ «አገር ይቅደም» ሲል የሚያስቀድመው የፈረንጅን አገር ነው።)

ትናንት «ና ቡና ልጋብዝህ» ብሎ ጠራኝ። ጀበናው ሳይወርድ ጀመረኝ።

«ነገሩ ቀላል ነው። ቤተሰብ፣ ሃይማኖት፣ አገር። ዓለም አቀፍ የሚባል ቤት የለም። ሁሉም በየቤቱ ይቀመጥ!»

«ይቀመጥ። እነሱ ግን መቼ ነው የሚቀመጡት?»

«እነማን?»

«አለቆችህ ናቸዋ! ዮራም ሃዞኒ ብሔርተኝነትን የሚያወድስ መጽሐፉን በ2018 አወጣ፤ በ2019 የብሔራዊ ወግ አጥባቂዎችን ጉባኤ ጠራ። ሰውዬው የኢየሩሳሌም ነዋሪ ነው፣ ጉባኤው ዋሽንግተን። በ2020 ሮም፣ ከዚያ ኦርላንዶ፣ ለንደን፣ ብራስልስ። ጠሪው ድርጅት የተሰየመው በኤድመንድ በርክ ነው፣ አየርላንድ ተወልዶ እንግሊዝ ፓርላማ በገባው። እስራኤላዊ ሊቀ መንበር፣ የአየርላንድ ልጅ ስም፣ የአሜሪካ አዳራሽ! የተባበሩት መንግሥታት እንኳ እንዲህ አልተሰባጠረም።»

«ሌባ ሲበዛ ጎረቤት ተጠራርቶ ነው ሮንድ የሚወጣው» አለኝ፣ ሳያመነታ።

«ሮንድ የሚወጣ ሰው በሩ ላይ ይቆማል እንጂ በአውሮፕላን አይሄድም!»

ስኒውን አስቀመጠ። ይህ ሲሆን የሃንጋሪ ተራ እንደ ደረሰ አውቃለሁ።

«ኦርባን ግን በሩ ላይ ቆሟል። በ2015 ስደተኛ ሲጎርፍ አጥር አጠረ።»

«ከአጥሩ በፊት የሰቀለውን ሰሌዳ ነግረውሃል? ‹ወደ ሃንጋሪ ከመጣህ የሃንጋሪዎችን ሥራ መውሰድ አትችልም› ይላል። በምን ቋንቋ መሰለህ?»

«በእንግሊዝኛ… በዐረብኛ?»

«በሃንጋሪኛ! ከሶሪያ በእግሩ መጥቶ ሃንጋሪኛ አንብቦ የገባው ሰው ከተገኘማ፣ በቆመበት ዜግነት ነበር የሚገባው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲያጥረው ከፊሊፒንስና ከቬትናም በኮንትራት ያስመጣ ጀመር።»

«ሰሌዳው የተጻፈው ለመራጩ ነዋ፤ ስደተኛ ድምፅ አይሰጥም» አለኝ።

እንዲህ ዓይነቱን እውነት ሳላስበው ያስቆጥራል። እንደ ሞቀም በዚያው ቀጠለ።

«እሺ፣ አራት የወለደች እናት ዕድሜ ልኳን የገቢ ግብር አትከፍልም፤ በ2019 ያወጀው እሱ ነው። ያንተ ሊበራሎች ለእናት ምን ሰጧት? በዓመት አንድ ቀን አበባ!»

እዚህ ላይ ቡናዬን ጠጣሁ። የሕፃናት ማቆያ አጥተው ሥራ የለቀቁ ስንት ሴቶች አውቃለሁ፤ ለእነሱ አበባ ምናቸውም አይደለም። ቢሆንም ተረብ ላይ ዝም ማለት መሸነፍ ነው።

«የወሊዱ መጠን ለአንዲት ሴት ከ1.2 ገደማ ተነስቶ 1.6 አካባቢ ደረሰ፣ በ2024 ተመልሶ 1.4 ገደማ ላይ ተቀመጠ። ግብር ይሰረዛል ቡዳፔስት፤ ምጥ አይሰረዝም።»

«አንተ ደግሞ አምጠህ ታውቃለህ!»

«ከአንተ ጋር ቡና በጠጣሁ ቁጥር።»

የቡናዋ ልጅ ሳቀች። ሁለተኛውን ስትቀዳ ወደ ፌልቹት ወሰድኩት፣ ኦርባን ወዳደገበት መንደር። 2 ሺሕ ሰው አይሞላም። በ2014 የተመረቀው የእግር ኳስ ሜዳ ግን 3 ሺሕ 800 ገደማ ወንበር አለው፤ የኦርባን የመንደር ቤት ደግሞ እዚያው ጎኑ ነው። መንደርተኛው ከነአራስ ልጁ ቢገባ እንኳ ለየሰዉ አንድ መቀመጫና አንድ እግር ማሳረፊያ ይደርሰዋል። ቀጥሎ ባቡር መጣ፤ ስድስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጠባብ ሐዲድ፣ በአውሮፓ ኅብረት ድጎማ፣ በ2016። በዓመቱ መንግሥት ለየቤቱ መጠይቅ በተነ፤ ርእሱ «ብራስልስን እናቁም!»

«ባቡሩንስ አቆመው?» አልኩት።

«ገንዘቡ የሃንጋሪም መዋጮ አለበት!»

«እቁብተኛ ነኝ በለኛ! ዕጣ ሲወጣልህ ትስቃለህ፣ ስብሰባ ሲጠራ ዳኛውን ትሰድባለህ።»

ያኔ ለመጨረሻ ያስቀመጣትን መዘዘ። «በኤፕሪል 2024 ከተማህ ብራስልስ ምን አደረገች? የሃዞኒን ጉባኤ ሁለት አዳራሽ አስከለከለች፤ ሦስተኛው ሲገኝ የአካባቢው ከንቲባ ፖሊስ ላከ። የእንግሊዙ ፖለቲከኛ ናይጀል ፋራጅ መድረክ ላይ እያለ! እናንተ ናችሁ ስለ መናገር ነፃነት የምታስተምሩን?»

ከንቲባውን መከላከል አልቻልኩም፤ የወቅቱ የቤልጂግ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴ ክሮ እንኳ «ተቀባይነት የለውም» ብሏል። ጉባኤው ሰው ያላወቀው የወሬ ሸንጎ ነበር፤ ፖሊስ ደጁ ላይ በቆመ በሰዓታት ውስጥ ዓለም ሰማው። ማስታወቂያ በነፃ!

«ፈረድክብኝ» አልኩት። «ግን ያን ሌሊት እገዳውን ሽሮ በማግስቱ ኦርባንን መድረክ ላይ ያወጣው ማነው? የቤልጂግ ዳኛ። ኦርባን እቤቱ በ2012 የዳኞችን ጡረታ ከ70 ዓመት ወደ 62 ሲያወርድ በመቶ የሚቆጠሩት ባንድ ጊዜ ካባቸውን ሊያወልቁ ነበር። ከንቲባው የቡዳፔስት ቢሆን፣ ዳኛህን ጓሮው ውስጥ ቲማቲም ሲያጠጣ ነበር የምታገኘው።»

ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አነሳና ተነሣ። የቡናዋ ልጅ ስኒዎቹን ቆጠረች፤ አምስት።

«ጋባዡ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ሉዓላዊ ነኝ፤ ማንም አያዘኝም» አለ፣ ጃኬቱን እየለበሰ። ወደ ልጅቷም ዞሮ፣ «ብራስልስ ይከፍላል።»