ውሉ የጠፋበት ፈታይ

ልደታ ፈቺ እንጂ ፈታይ የሚበዛበት ሰፈር አይደለም። ማርያምን ተሳልማችሁ ወደ ፍርድ ቤቱ ብቅ በሉ፤ ደጁ ላይ ከተኮለኮለው ሰው ግማሹ ሊፈታ፣ ግማሹ ሊያስፈታ የመጣ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ ያውም ወንድ ልጅ ጥጥ ልፍተል ብሎ ሲቀመጥ ማን ዝም ይለዋል? በወጋችን ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። እኔ ግን ሁለቱንም ስለማልችል ከየትኛውም ብጀምር ለውጥ የለውም ብዬ ነው።

መዘውሬ ከአሮጌ የሲንጀር መርገጫና ከብስክሌት ጎማ የተበየደ ነው። በያጁ ሲያስረክበኝ «ፍሬን የለውም» አለኝ። «ክር ልፈትልበት እንጂ ደብረ ዘይት ልሄድበት ነው እንዴ?» ብለው «እሱን እናያለን» ብሎ ሒሳቡን ቆጠረ።

አየን። እግሬ መርገጫውን ሲያገኝ እጄ ባዘቶውን ያጣል። ክሩ ይከራል፣ ይቆላለፋል፣ ጣቴን ይዞ ወደ ጎማው ይጎትተኛል። የታችኛው ፎቅ እትዬ አንገታቸውን አወጡ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየፈተልኩ ነው፣ እትዬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትነዳ አይቼህ፣ እስካሁን ሜክሲኮ እንኳ አለመድረስህ ገርሞኝ ነው።»

እንዝርታቸውን ይዘው ወጡ። ከእኔ ባዘቶ ቆንጠር አድርገው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ይሄን ማን ነደፈው?»

«እኔ ነኝ። ደጋን ተውሼ።»

«ንብ እንኳ ሲነድፍ ያሳብጣል። ያንተ ይኸው እንደተኛ አለ።»

ነገሩ ተረብ ቢመስልም ትምህርቱ እዚያው ውስጥ ነበር። በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ ጉጥ ጉጥ ይላል፤ ጉጡ ክሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ቦታ ያወፍረዋል፣ ቀጥሎ ያለውን ያቀጥነዋል፣ የሚበጠሰውም ቀጭኑ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ፈትሉን የተማርኩት የበግ ፀጉር የሚፈትሉ ፈረንጆች የሚታዩበትን ቪዲዮ አይቼ ነው። የበግ ፀጉር ረጅም ስለሆነ ስንፍናን ይችላል። የጥጥ ጭረት ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ክር ሆኖ እንዲያያዝ ብዙ ማክረር ይፈልጋል። ይህን ስነግራቸው አክርሬ ያመጣሁትን ክር አላልተው ያዙት፤ እንደ እባብ ተጠመዘዘ።

«ይሄማ ክር አይደለም፣ አክራሪ ነው።»

አላላሁት። ተበጠሰ። «ውሉ ጠፋብኝ» አልኳቸው።

«ውልና ማስረጃ ሄደህ አስወጣ።»

የጥናት ሰው ነኝና ተከራከርኩ። በጋንዲ ይመራ የነበረው የመላው ሕንድ ፈታዮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1929 የተሻለ መዘውር ለሠራ ሰው 100,000 ሩፒ እንደሚሸልም አውጆ ነበር አልኳቸው። መዘውሩም አንዲት ሴት ብዙ ሳትደክም 8 ሰዓት የምትሠራበት መሆን ነበረበት።

«ስምንት ሰዓት ሙሉ? ወጡን ማን ያማስልላታል? መጀመሪያ ለሱ ይሸልሙ።»

«ቢሆንም መዘውር ከእንዝርት ይፈጥናል።»

«መች አይፈጥንም አልኩ? ስህተትህን ያፈጥንልሃል።»

ይህን እያሉ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አሸት አድርገው ለቀቁት። ሾረ። ክሩ ከጣታቸው መሐል የሚወጣ ሳይሆን ድሮውኑ እዚያ የነበረ ይመስላል። ተናድጄ አዲስ ዘመን ላይ ነን አልኩ። እሳቸው ወደ ማርያም አቅጣጫ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«እመቤታችን መልአኩ ሲያበስራት ሐርና ወርቅ ትፈትል ነበር። ጎማ ስትረግጥ የሚያሳይ የትኛውን ሥዕል አየህ?»

«ያኔ መዘውር አልነበረማ!»

«ስላልነበረ ነዋ መልአኩን የሰማችው።»

እውነታቸውን ነው፣ መዘውሬ ይጮኻል። ማታውኑ ዘይት ቀባሁት።

ከዚያ ቅጣት ተበየነብኝ፦ ሦስት ቀን ያለ ጥጥ ባዶውን መርገጥ፣ እግሬ ሳላዝዘው እኩል መሄድ እስኪለምድ ድረስ። የግቢው ጥበቃ ሁለት ቀን ታዝቦኝ በሦስተኛው «ጂሙ በወር ስንት ነው?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ባዘቶ ተፈቀደልኝ። ወዲያው ጨበጥኩት።

«ባለዕዳህ ነው እንዴ አንቀህ የያዝከው? ለቀቅ አድርገው፤ ክሩ ሲስብ እጅህ ወደ ኋላ ይሽሽ።»

ሸሸ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክንድ የሚያህል ጉጥ የሌለው ክር ወጣ። ኮራሁ፤ ኮርቼም ተሳሳትኩ። ሁለት ክር ላጣምር አልኩ፤ አንዱ የሳሳበትን ሌላው ይሸፍናል፣ ልክ ከጦር ኃይሎችና ከምኒልክ የሚመጡት ሁለት ባቡሮች ልደታ ላይ ተገናኝተው እስከ ስታዲየም በአንድ ሐዲድ እንደሚሄዱት።

«እነሱ ተራ ይጠባበቃሉ። ያንተዎቹ እኩል ይሳሳሉ፣ እኩል ይበጠሳሉ።»

የገመድኩትም በፈተልኩበት አቅጣጫ ነበር። ሲገመድ መዘውሩ ወደ ኋላ መዞር እንዳለበት የገባኝ ልቃቂቱ ጃርት ከመሰለ በኋላ ነው።

ያንኑ ልቃቂት ሽሮ ሜዳ ወስጄ ለአንድ ሸማኔ አሳየሁ። ዛሬ ድሩ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የሚገባው በማግነት ነው። ማግ ደግሞ እንደ ድር ስለማይወጠር ጀማሪን ይምራል ብዬ ነበር። አገላብጦ አየው።

«ለነጠላ ነው ለጋቢ?»

«የቱ ይሻለዋል?»

«በግህን ጠይቀው። አንገቱ ላይ የሚታሰረው እሱ ነው።»

(በነገራችን ላይ ነጠላ ስሙ ነው እንጂ ነጠላ አይደለም፣ ሁለት እጥፍ ነው። ጋቢ አራት። እኔ ገና አንዱን አልቻልኩም።)

ለግንቦት ልደታ ዋዜማ ቡና ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ከበረንዳዬ የጎማ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ገባሁ። እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው፣ አንድ እግራቸው መርገጫው ላይ፣ ባዘቶው ከእጃቸው እየሸሸ፣ መዘውሩን እንደ እንዝርት ያሾሩታል። ስንት ቀን የጠበቅኩት ዕድል ነው።

«እትዬ፣ ሜክሲኮ ደረሱ?»

ዞር እንኳ አላሉም።

«ስታዲየምን አልፌያለሁ። ፍሬኑ የታለ?»