«አንዲት ብቻ ናት»

«ኸረ እኛ ቤት ያለችው አንዲት ብቻ ናት!»

እርስዎ አንዲት አዩ፤ ስንቷ እርስዎን እንዳየች በምን አወቁ? የቤት አይጥ ሌሊት ነው የምትወጣው። በጠራራ ፀሐይ ሳሎን አቋርጣ ከታየች፣ ብዙ ጊዜ ጓዳው ለዘመዶቿ ጠቧል ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ አምስት ስድስት ትወልዳለች፤ በወለደች ማግሥት ደግሞ ታረግዛለች። ሴቶቹ ልጆቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለእርግዝና ይደርሳሉ። «ተዋት፣ ምን ታደርጋለች» የተባለችው አንዲት፣ ክረምቱ ሳይወጣ መንደር ትመሠርታለች።

«አይጥ የሚገባው ቆሻሻ ቤት ነው።»

እትዬ፣ ይቺ አባባል ስንቱን አሳፍራ አይጡን እንዲደብቅ አድርጋለች! አይጥ ወለል አትመረምርም፤ እህል ነው የምትፈልገው። ወለሉ እንደ መስታወት ቢያበራም፣ ጤፉ በማዳበሪያ ከረጢት ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ተጋብዛለች። በቀን የምትበላው 3 ግራም ገደማ ነው፤ ከበላችው ይልቅ ያበላሸችው ይበልጣል። በአንድ ቀን ከ50 በላይ ኩስ ትጥላለች፤ በሄደችበት ሁሉ ሽንቷን ታንጠባጥባለች።

«እሱማ ሲነፋ ይወጣል።»

ኩሱን ወንፊት ይይዘዋል፤ ሽንቱን ምን ወንፊት ይያዘው? ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያም በወንፊት አይለቀምም። ክዳኑ ግጥም የሚል በርሜል ይግዙ፤ በርበሬውንም ሽሮውንም በቆርቆሮ ያድርጉ። ስስ ፕላስቲክ ጥርሷን ማሾያ ነው የሚሆናት፤ የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ሳትከረክም አትውልም። የመብራት ሽቦም አይቀራትም፤ እሳት ያስነሳል።

«በዚያች ቀዳዳ? እንዴት ብላ!»

እርሳስ አምጡና ሞክሩ። እርሳስ ካለፈ አይጥ ታልፋለች፤ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ጭንቅላቷን ካስገባች ሌላው አካሏ ይከተላል። የእቃ ማጠቢያው ቱቦ ግድግዳ የሚበሳበትን፣ የበሩን ሥር፣ የኮርኒሱን ጥግ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ጨርቅ ብትወትፉበት ለልጆቿ ፍራሽ አነጠፋችሁላት። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አጥብቃችሁ ጠቅጥቁና በሲሚንቶ ድፈኑት።

«ድመት አለችን።»

ትኑር፣ ደስ ትበል። ግን ድመቷ ኮርኒስ ውስጥ ትገባለች? ከቁም ሳጥኑ ጀርባስ? አንድ ሁለት ብትይዝም የመውለዱን ፍጥነት አትቀድመውም።

«የአይጥ መርዝ አለ! በልታ ትደርቃለች፣ አትሸትም!»

ወንድሜ፣ ይህን ዜማ በየመንገዱ ስሰማው ሆዴ ይረበሻል። ማድረቁን ማን አረጋገጠልህ? ኮርኒስ ውስጥ ሞታ የቀረች አይጥ ትሸታለች፤ ባለቤቱም ጣሪያ ሲያስገነጥል ይከርማል። ለመሆኑ በላስቲክ ቋጥረህ የምትሸጠው ምንድን ነው? ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ጥቁር ግራጫው ዱቄት ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ፣ ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛም ጋዝ ይሆናል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለም። በዳቦ፣ በቲማቲም፣ በሥጋ ተለውሶ አልጋ ሥር ሲቀመጥ፣ አልጋ ሥር የሚድኸው ማን ነው? ሕፃኑ ነው! ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሌላው ዓይነት መርዝ ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ነው። ሐኪሙ ግን የትኛው እንደተበላ በምን ይወቅ? ስለዚህ ያልታወቀ መርዝ አትግዙ። የደረሰ ነገር ካለ ወተት እያጋታችሁ ደቂቃ አታቃጥሉ፤ የተረፈውን ከነመያዣው ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤ እዚህ ግን የሚመታው ልጃችን ነው።

«ታዲያ በምን እንግደላት?»

በወጥመድ። ምግቡ የሚቀመጥበትን የምላሱን ጫፍ ወደ ግድግዳው አድርጋችሁ ግድግዳ ሥር አስቀምጡት፤ አይጥ ጢሟን እያስነካች ጥግ ጥጉን ነው የምትሮጠው፣ ወለሉ መሃል የተቀመጠ ወጥመድ ማንንም አይይዝም። የለውዝ ቅቤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ቀቡት፤ ከበዛ ልሳ ትሄዳለች። አንድ ወጥመድ አይበቃም፤ በየሁለት ሜትሩ ደርድሩ፣ ልጅ እንዳይደርስበት ግን ከዕቃ ጀርባ።

«ኩሱን ጠረግ ጠረግ አድርጌ እጥለዋለሁ።»

ልጄ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪ! በደረቁ ሲጠረግ አቧራው ይነሳል፤ የምትተነፍሽው እሱን ነው። አስም ላለበት ሰው ደግሞ የባሰ ነው። በረኪናውን አንድ እጅ፣ ውሃውን ዘጠኝ እጅ አድርጊና አርሺው፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ጓንት አጥልቀሽ በወረቀት አንሺው። መስኮቱንም ክፈቺ።

«እኛማ ንጹሕ ነን፤ የሚመጡት ከጎረቤት ነው።»

ጎረቤትዎም ስለ እርስዎ እንዲሁ ይላሉ፣ ጋሼ። ግድግዳው አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ኮርኒሱ አንድ፤ ክሱ ብቻ ሁለት! እርስዎ ሲያባርሩ እዚያ፣ እነሱ ሲያባርሩ እዚህ ስትሸሽ፣ አይጧ ሁለት ቤት አላት። እድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ ገዝቶ የለም እንዴ? አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ያቅተዋል? አንድ ቅዳሜ ሁሉም ቤት በአንድ ላይ ይድፈን፣ ሁሉም ቤት በአንድ ላይ ያጥምድ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ወጣ ይበሉና የጎረቤትዎን በር አንኳኩተው «በእናንተ በኩል ቀዳዳው የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ እርሳሱንም ይዘው ይሂዱ።