ሙሉ ስም ከነአያት

ለቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ የፕሮፓጋንዳ መምሪያ
ቤጂንግ

ጉዳዩ፡- ምስጋናና አቤቱታ ስለማቅረብ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ይህ ደብዳቤ ምስጋናም አቤቱታም ይዟል። ምስጋናው የቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር አቤት ባይ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ ያሞግሳል፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። በእናንተም ዘንድ ሥርዓቱ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ብጽፋቸው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄዱ፣ ገና ሳታደርጉት የከሰስኳችሁ ይመስላል።

እንግዲህ ምስጋናው። በ2006 የዜና ወኪላችሁ ሺንዋ የአፍሪካ ዋና ቢሮውን ከፓሪስ ወደ ናይሮቢ አዛወረ። በዚያው ዓመት የቻይና ዓለም አቀፍ ሬዲዮ ከአገሩ ውጭ የመጀመሪያውን የኤፍኤም ጣቢያ እዚያው ናይሮቢ ከፈተ። በ2012 ደግሞ ዛሬ ሲጂቲኤን የምትሉት ቴሌቪዥናችሁ የአፍሪካ ክፍሉን ይዞ ተከተለ። ፓሪስ ተቀምጦ ስለ አፍሪካ መጻፍ ለማንም የሚያሳፍር ነገር ነውና በዚህ ላይ አልቀልድም፤ መምጣታችሁ ደግ ነበር። በ2015 ጆሃንስበርግ ላይ ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በየዓመቱ 1,000 የአፍሪካ የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎችን ለማሠልጠን፣ ለ10,000 መንደሮችም የሳተላይት ቴሌቪዥን ለማስገባት ቃል ገቡ። የመንደሩን ሥራ ስታርታይምስ የተባለው ኩባንያ ወሰደው። ውሃ ከመግባቱ በፊት ኩንግፉ የገባለት መንደር ቢኖር አልደነቅም።

ሥልጠናው ግን ለብቻው ሊመሰገን ይገባል። ከ2014 ጀምሮ የአፍሪካ ጋዜጠኞችን ለወራት ቤጂንግ ታኖራላችሁ፤ መኖሪያ ቤት፣ የኪስ ገንዘብ፣ በፈጣን ባቡር ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ጉብኝት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር «የልምድ ልውውጥ» ይባላል። ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍለት፣ የቀረውን በስብሰባ አበል የሚገፋ ጋዜጠኛ ይህ ግብዣ ሲመጣለት እንዴት እንቢ ይበል? እኔም ብጠራ ሻንጣዬን አዘጋጅ ነበር። እንግዳው ፋብሪካ ያያል፣ ወደብ ያያል፣ ድህነትን ያሸነፈ መንደር ያያል። ያላሳያችሁትን ስለማያውቀው አይጽፈውም፤ ያሳያችሁትን አሳምሮ ይጽፈዋል። ምናልባት ተመልሶ ክፉ ቃል የጻፈ እንደሆነስ? «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» የሚለውን ስድብ እኛው አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን። እናንተ የሳንሱር ወጪ እንኳ የለባችሁም።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ዘንድ ብዙ ማስተማር አይጠበቅባችሁም። «ልማታዊ ጋዜጠኝነት»ም «የገጽታ ግንባታ»ም አገር ውስጥ የተመረቱ ናቸው። የመንግሥት ሚዲያዎቻችን የእናንተን ዜና ተርጉመው ሲያወጡ ግን አንድ የምወድላቸው ነገር አላቸው፦ ከግርጌው «ምንጭ፦ ሺንዋ» ይላሉ። አንባቢው የማን እንጀራ እንደቀረበለት አውቆ ይቆርሳል፣ ወይም ይተወዋል። ይህቺ አንዲት መስመር ናት ወደ አቤቱታዬ የምታሻግረኝ።

በ2016 ፕሬዚዳንታችሁ በአንድ ቀን ፒፕልስ ዴይሊን፣ ሺንዋንና ማዕከላዊ ቴሌቪዥኑን ጎብኝተው ነበር። ያን ዕለት ለጋዜጠኞቹ የሰጡት መመሪያ፣ ፓርቲና መንግሥት የሚያስተዳድሩት ሚዲያ ሁሉ የአባቱ ስም «ፓርቲ» ይሁን የሚል ነው። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አይቸገርም። ቀበሌ ስንሄድ የሚሰጠን ቅጽ የሚጀምረው «ሙሉ ስም ከነአያት» ብሎ ነው። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ቤጂንግ ላይ በኩራት የምትጠሩበትን የአባት ስም ድንበር ስትሻገሩ የት ነው የምትጥሉት?

«ጀልባ ተውሶ ባሕር መውጣት» የሚባል ስልት እንዳላችሁ ይታወቃል። ሮይተርስ በ2015 ባወጣው ምርመራ በ14 አገሮች ቢያንስ 33 የሬዲዮ ጣቢያዎች በአመዛኙ የቻይና ዓለም አቀፍ ሬዲዮ የሠራውን ወይም ያቀረበውን ዝግጅት እንደሚያስተላልፉ ገልጿል። በመሃል የቆሙት ሦስት ኩባንያዎች ነበሩ፤ አንዱ በፊንላንድ፣ አንዱ በአውስትራሊያ፣ አንዱ በካሊፎርኒያ። የእያንዳንዳቸው አብላጫ ድርሻ ዞሮ ዞሮ ቤጂንግ ይገባ ነበር። ከጣቢያዎቹ አንዱ ይሰማ የነበረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ገደማ የአካባቢው አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በደቡብ ቻይና ባሕር ስለምትሠሯቸው ሰው ሠራሽ ደሴቶች ሲያማርሩ፣ ጣቢያው የደሴቶቹን ነገር ሳያነሳ የውጥረቱ ምክንያት «የውጭ ኃይሎች» መሆናቸውን የሚያስረዳ ተንታኝ አቀረበ። («የውጭ ኃይሎች»ን እኛም በደንብ እናውቃቸዋለን፤ ችግር በተፈጠረ ቁጥር ቤታችን ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም።)

ዲሲን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በዚያው ከተማና በዙሪያዋ የአገሬ ሰዎች ከሬዲዮ ጣቢያ ሰዓት ተከራይተው በአማርኛ ያሰራጫሉ። ይሟገታሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ አንዳንዴም ይሰዳደባሉ። ነገር ግን ማን እንደሚናገር ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም፤ እንዲያውም የዝግጅቱ እኩሌታ የአዘጋጁን ስም፣ የድርጅቱን ስምና ስፖንሰር ያደረገውን ሬስቶራንት አድራሻ በመናገር ያልቃል። የአንድ ሰዓት ኪራይ ለመክፈል መዋጮ የሚለምን ስደተኛ ስሙን ለመናገር ካላፈረ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ የያዘ መንግሥት ምን አሳፈረው?

ገንዘቡን ካነሳን አይቀር፣ ጋዜጦች ላይ ስማችሁን ጽፋችኋል፤ መነጽር ለሚያደርግ አንባቢ። የእናንተው ጋዜጣ ቻይና ዴይሊ በየአገሩ ጋዜጣ ውስጥ አስገብቶ የሚያሳትመው «ቻይና ዎች» የተባለ የተከፈለበት እትም አለው። ለአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በቀረቡት ሰነዶች መሠረት ከ2016 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ ለአሜሪካ ጋዜጦች ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 4.6 ሚሊዮኑ ለዋሽንግተን ፖስት፣ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋው ለዎል ስትሪት ጆርናል ነበር። በ2020 መጋቢት ላይ ደግሞ የእነዚሁ የሁለቱን ጋዜጦችና የኒው ዮርክ ታይምስን አሜሪካውያን ዘጋቢዎች ከቻይና አስወጣችኋቸው። አሜሪካ አስቀድማ በእናንተ ሠራተኞች ላይ ገደብ ጥላ እንደነበር አልዘነጋሁም። ቢሆንም ገጹን ተከራይቶ የአከራዩን ጸሐፊ የሚያባርር ተከራይ ከዚህ በፊት አላየሁም። አከራዮቹም ቢሆኑ ገንዘቡን ሲቆጥሩ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን የጻፍኩት ለእነርሱም እንዲደርስ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መከራየቱ ቀርቶ መካፈል ሆነ። በ2013 ብዙ ጋዜጦች በነበሩት ኢንዲፔንደንት ሚዲያ ውስጥ የቻይና ባለሀብቶች 20 በመቶ ድርሻ ያዙ። በ2018 አዛድ ኢሳ የተባለው የእነዚሁ ጋዜጦች አምደኛ በቻይና ስላለው የዊገር ሙስሊሞች እስር ጻፈ። አምዱም በዚያው ተቋረጠ። የተሰጠው ምክንያት የገጽ ዲዛይን ለውጥ የሚል ነበር። ዲዛይነሩ ጎበዝ ነው፤ የት ጋ መቁረጥ እንዳለበት አውቋል።

የራሳችሁ ተወላጆች፣ በውጭ የሚኖሩት ቻይናውያን፣ ከሁሉም የባሰ ነገር ገጥሟቸዋል። ሲድኒ ወይም ቫንኩቨር ላይ በቻይንኛ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው አንባቢውን የሚያገኘው ዊቻት በተባለው መተግበሪያ ላይ ነው፤ ዊቻት ደግሞ የሚተዳደረው በእናንተ ሕግ ነው። እዚያ ጀልባ መዋስ ምን ያደርግላችኋል? ባሕሩ የእናንተ ነው። ከ2001 ጀምሮ የቻይና ዜና አገልግሎት የእነዚህን ሚዲያዎች አዘጋጆች ከዓለም ዙሪያ ጠርቶ በየጊዜው ጉባኤ ያካሂዳል። በ2018 ደግሞ የውጭ ቻይናውያን ጉዳይ ቢሮ በፓርቲው የተባበረ ግንባር መምሪያ ሥር ተጠቃሏል። እንግዳ ጋዜጠኛ ግብዣውን ቢተወው የሚቀርበት ጉብኝት ነው። እነዚህ ግን አገር ቤት እናት፣ አጎት፣ ማስታወቂያ የሚሰጥ ደንበኛ አላቸው። ዲያስፖራ ሚዲያ ማለት ምን ያህል ሩቅ ሆኖ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለእኛ ማንም አያስረዳንም።

እንግሊዞቹ በ2021 የሲጂቲኤንን ፈቃድ ሲሰርዙ ነገሩ ፖለቲካ ነው አላችሁ። የብሮድካስት ተቆጣጣሪያቸው የኦፍኮም ምክንያት ግን ከቀበሌ ጸሐፊ ጥያቄ የተለየ አልነበረም፦ ፈቃዱን በስሙ የያዘው ኩባንያ ምን እንደሚተላለፍ የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ ታዲያ የሚወስነው ማን ነው? እናንተም በሳምንቱ ቢቢሲ ወርልድ ኒውስን ከለከላችሁ። ፌስቡክ አገራችሁ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ዝግ ነው፤ የሲጂቲኤን የፌስቡክ ገጽ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አለው። የዚሁ ጣቢያ አቅራቢ የነበረችው አውስትራሊያዊት ቼንግ ሌይ በ2020 ታስራ የተፈታችው በ2023 ነው። «የቻይናን ታሪክ አሳምሮ መንገር» የሚለውን መመሪያ ስታነብብ የኖረች ሴት እስክትፈታ ድረስ የራሷን ታሪክ የምትነግርበት ስቱዲዮ አላገኘችም።

አሁን ደግሞ ዕድል ቀንቷችኋል። በ2025 መጋቢት የአሜሪካ መንግሥት የገዛ ሬዲዮውን ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው አነሳ። ከ1982 ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው የአማርኛው ክፍልም ጸጥ አለ። የእናንተ ጋዜጣ ግሎባል ታይምስ ደስታውን አልደበቀም። ለዚያ ሬዲዮ ጠበቃ አልቆምም፤ እሱም የመንግሥት ገንዘብ ይበላ ነበር። ሆኖም ስሙ «የአሜሪካ ድምፅ» ነበር። በደርግ ዘመን በር ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ ያዳመጠውም፣ አዳማጩን ሊይዝ የሚዞረው ካድሬም የማን ድምፅ እንደሆነ ያውቁ ነበር። እናንተም በ2018 ሦስቱን ታላላቅ ጣቢያዎቻችሁን አንድ ላይ ስታዋሕዱ ለውጭው ዓለም «የቻይና ድምፅ» የሚል ስም አውጥታችሁላቸዋል። ስሙ ተዘጋጅቷል፣ የሚጠራው ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ አቤቱታዬ አጭር ነው። ናይሮቢም ኑ፣ አዲስ አበባም ኑ፣ ዲሲም ሰዓት ተከራዩ። ፋብሪካውንም ባቡሩንም አሳዩን፤ ብዙው እውነት ነው፣ የሚያስቀናም ነው። ብቻ በምታስተላልፉት ዝግጅት ሁሉ ላይ ቅጹን ሙሉ፦ ስም፣ የጣቢያው፤ የአባት ስም፣ የፓርቲው፤ የአያት ስም፣ የከፋዩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፡-
ከሺንዋ፣ ከሲጂቲኤን ወይም ከሌላ ከማንኛውም መንግሥት ሚዲያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ለፈረማችሁ የአገር ቤትና የዲያስፖራ ዋና አዘጋጆች። ስትፈርሙና ስትጨባበጡ የተነሳችሁትን ፎቶ አይተናል። የሰነዱን ጽሑፍ ግን አላየንም። እባካችሁ አትሙት።